ሕጉ ተለወጠ፤ የተቀጣውስ?

በየቁምስናው ወጣቶችን የሚያስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሚከተለው ጥያቄ ሲቀርብላቸው ሊደነግጡ አይገባም፤ «በአሜሪካ ማሪዋና በሱቅ በግልጽ ይሸጣል፤ መንግሥትም ግብር ይሰበስብበታል፤ እንግዲህ ኃጢአት መሆኑ ቀርቷል ማለት ነውን?» የዚህ ጥያቄ መልስ አስቸጋሪ አይደለም። ከጎኑ ግን ብዙ ጊዜ የማይነሣ፣ ሲነሣም በዝምታ የሚታለፍ ሌላ ጥያቄ አለ። ትናንት በዚሁ ነገር ተይዞ የታሰረው፣ ሥራ በጠየቀ ቍጥርም የወንጀል መዝገቡ ቀድሞት የሚገኘው ሰው ጉዳይ ምን ይሁን? ማኅበረሰቡ ሐሳቡን ከለወጠ በኋላ፣ ሕጉ ጸንቶ በነበረበት ጊዜ ለተቀጣው ሰው የሚገባው አንዳች ነገር አለን? ወይስ «ሕጉን ሲያፈርስ ሕግ ነበረ፤ የዘራውን አጨደ» ብለን እንለፈው?

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን። ከምእመናኖቻችን መካከል ልጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በአሜሪካ የሚኖሩለት ብዙ ነው። የአገራችን ሰዎች በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች ዋሽንግተን ዲ.ሲ. ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ጎረቤቶቿ ጋር፣ ዴንቨር፣ ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ሕጉ የተለወጠባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ዳላስና ሂውስተን ደግሞ ክልከላው በጸናበት በቴክሳስ ይገኛሉ። አንድ እናት በሁለቱም ወገን ልጅ ሊኖራት ይችላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድመን ቀላሉን እንመልስ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2291 ላይ፣ አደንዛዥ ዕፅ በሰው ጤናና ሕይወት ላይ እጅግ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ፣ በእውነት ለሕክምና ካልሆነ በቀር በእርሱ መጠቀምም ከባድ በደል እንደ ሆነ ያስተምራል። በስውር የሚያመርተውንና የሚነግደውንማ ይበልጥ ይወቅሳል። ይህ ትምህርት በማንኛውም አገር ምክር ቤት ድምፅ ላይ የተመሠረተ ስላልሆነ፣ ምክር ቤቱ ድምፁን ሲለውጥ አብሮ አይለወጥም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2014 ሮም ላይ ለተሰበሰቡ የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪዎች ባደረጉት ንግግር፣ ለመዝናኛ የሚባሉትን ዕፆች በከፊልም ቢሆን በሕግ መፍቀድ የታሰበውን ውጤት እንደማያመጣ አስገንዝበዋል። ኮሎራዶ ማሪዋናን ከፈቀደች ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ የዴንቨር ሊቀ ጳጳስ ሳሙኤል አኲላ በዚሁ ጉዳይ ላይ ለምእመናኖቻቸው ሐዋርያዊ መልእክት ጽፈዋል። ዛሬ የሚሸጠውም የቀድሞው ቅጠል አይደለም፤ በፖሊስ ከተያዘው ማሪዋና ተወስዶ በተመረመረው ናሙና ውስጥ አእምሮን የሚያሰክረው ንጥረ ነገር በ1995 ከመቶ 4 ገደማ ሲሆን፣ በ2014 ከመቶ 12 ገደማ ደርሶ ተገኝቷል። በለጋ ዕድሜው ለጀመረው ልጅ ጉዳቱ የሚብሰውም አእምሮው ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ነው።

ሕግ ዝም ያለውን ሁሉ ኅሊና ፈቅዶታል ማለት አይቻልም። ስካር በቤቱ ለተቀመጠ ሰው በአብዛኛው አገር አያስከስስም፤ ኃጢአት መሆኑ ግን አልቀረም። ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለን። ጫት በአገራችን በገበያ ይሸጣል፣ ወደ ውጭም ይላካል፤ በአሜሪካ ግን በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ከተከለከሉት ዕፆች ስለተመደበ፣ ጫት ይዞ የተገኘ መንገደኛ ሊከሰስ ይችላል። ማሪዋና ወይም ዕፀ ፋርስ ደግሞ በአገራችን ሕግ ወንጀል ነው፤ ዴንቨር ላይ ግን ሱቅ ተከፍቶለታል። ኅሊናውን በሚኖርበት አገር ሕግ ብቻ የሚለካ ሰው አውሮፕላን በተሳፈረ ቍጥር ኅሊናውን መለወጥ ሊኖርበት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ነገር ኃጢአት ከሆነ ወንጀል መሆን አለበትን? ወንጀል ከሆነስ ቅጣቱ ምን ያህል ይሁን? ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ኃጢአቱ፣ ወንጀሉና የቅጣቱ መጠን፣ በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ ተደባልቀው ይኖራሉ። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ሱማ ቴዎሎጂካ የሰው ሕግ ክፉ ልማድን ሁሉ ሊከለክል ይገባዋልን ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ አይገባውም ሲል ይመልሳል። ምክንያቱም ሕግ የሚወጣው ለብዙኃኑ ነው፤ ከብዙኃኑም አብዛኞቹ በምግባር ፍጹማን አይደሉም። ስለሆነም ሕግ ሊከለክል የሚገባው አብዛኛው ሰው ሊታቀበው የሚችለውን ከባድ ክፋት፣ ይልቁንም እንደ ነፍስ ግድያና ስርቆት ሌላውን የሚጎዳውንና ካልተከለከለ የሰው ማኅበር ሊቆም የማይችልበትን ነው። የቀረው ለእግዚአብሔር ሕግና ለሰው ኅሊና ይተዋል። ያው መምህር ግን ጥቂት ዝቅ ብሎ ሕግን መለወጥ በራሱ ጉዳት እንዳለው ያስተምራል። ሕግ የሚከበረው አብዛኛውን ጊዜ ስለተለመደ ነውና ልማዱ ሲሰበር የሕጉም ኃይል ይላላል፤ ከለውጡ የሚገኘው ጥቅም ይህን ጉዳት የማይክስ ከሆነ ሕግ ሊነካ አይገባም። ፈቃጁም ከልካዩም ወገን ከዚህ ትምህርት የሚመቸውን ግማሽ ብቻ መውሰድ ይቀናዋል።

እኛ በበኩላችን ማሪዋና እንደ ዳቦ በየመንገዱ መሸጡን ለሕዝብ የሚበጅ ነገር ነው ብለን አናምንም። ነገር ግን የሱቁ መከፈት ስሕተት ነው ማለት የትናንቱ እስር ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ይህን ለመረዳት ቅጣቱ ምን ይመስል እንደ ነበር ማየት ያስፈልጋል።

የአሜሪካ ፌዴራላዊ ምክር ቤት በ1937 የማሪዋና ቀረጥ ሕግ የተባለውን አወጣ፤ ስሙ ቀረጥ ይሁን እንጂ ዓላማው ማገድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅጣቱ እየከበደ ሄዶ፣ በ1956 የወጣው ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ማሪዋና ይዞ ለተገኘ ሰው ከ2 እስከ 10 ዓመት እስራት ደነገገ። በቴክሳስ እስከ 1973 ድረስ ማንኛውንም ያህል መጠን መያዝ ከ2 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ሊያስቀጣ ይችል ነበር። በ1970 የወጣው አዲስ ፌዴራላዊ ሕግ ከቀደሙት አስገዳጅ ዝቅተኛ ቅጣቶች አብዛኞቹን ቢያነሣም፣ ማሪዋናን ሄሮይን በሚገኝበት በመጀመሪያው መደብ ውስጥ አኖረው፤ ነገሩን የሚያጠና ኮሚሽንም አቋቋመ። የቀድሞው የፔንሲልቫኒያ አገረ ገዢ ሬይመንድ ሼፈር የመሩት ይህ ኮሚሽን በ1972 ባቀረበው ዘገባ፣ መጠቀሙ እንዳይበረታታ እያሳሰበ፣ ሰው ለራሱ የሚሆን ጥቂት መጠን መያዙ ወንጀል መሆኑ እንዲቀር መከረ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ምክሩን አልተቀበሉም። በተከታዩ ዓመት ኦሪገን የመጀመሪያዋ ግዛት ሆና እስከ 1 አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ያህል፣ ለያዘ ሰው እስራቱን አስቀርታ እስከ 100 ዶላር በሚደርስ መቀጮ ተካችው። ካሊፎርኒያ በ1996 ለሕክምና ፈቀደች፤ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ግዛት በ2012 ለአዋቂዎች ሁሉ ፈቀዱ፤ በ2024 መጨረሻ እንዲህ ያደረጉት ግዛቶች ዋሽንግተን ዲ.ሲ.ን ሳይጨምር 24 ደርሰው ነበር።

የዚህ ሁሉ ውጤት አንድ ዓይነት ጨርቅ ሳይሆን የተጣጣፈ ልብስ ነው። ኦሪገንንና አይዳሆን በአንድ ወገን ስኔክ የሚባል ወንዝ ይለያቸዋል። በኦሪገን ዳር ባለችው ኦንታሪዮ በምትባለው ትንሽ ከተማ 21 ዓመት የሞላው ሰው 1 አውንስ ማሪዋና ከሱቅ ገዝቶ ደረሰኝ ይቀበላል። ድልድዩን ተሻግሮ አይዳሆ ሲደርስ ያችው አንድ አውንስ እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ታስፈርድበታለች። በቴክሳስ እስከ 2 አውንስ የያዘ ሰው እስከ 180 ቀን ሊታሰርና እስከ 2,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። በዋሽንግተን ዲ.ሲ. ከ2015 ጀምሮ እስከ 2 አውንስ መያዝ የተፈቀደ ቢሆንም፣ በከተማይቱ ውስጥ ያሉት ትልልቅ መናፈሻዎች የፌዴራሉ መንግሥት ይዞታ ስለሆኑ በዚያ ይዞ የተገኘ ሰው በፌዴራል ሕግ ይጠየቃል፤ ይህም ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 1 ዓመት እስራትና ቢያንስ 1,000 ዶላር መቀጮ ነው። መንገዱን ተሻግሮ ሣሩን የረገጠ ሰው ወንጀለኛ ሆኖ ያርፈዋል።

የሰው ሕግ ከቦታ ቦታ መለያየቱ በራሱ ነውር አይደለም። በአንድ አገር በግራ፣ በሌላው በቀኝ ይነዳል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመቀጮውም ልክ ቢለያይ አያስደንቅም። ነገር ግን በወንዙ አንዱ ዳር ደረሰኝ፣ በሌላው ዳር እስር ቤት ሲሆን ልዩነቱ የአፈጻጸም ዝርዝር ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከሁሉ ይልቅ ይህን ጉዳይ ጕልህ አድርጎ የሚያሳየን በቨርጂኒያ የተፈጸመ አንድ ፍርድ ነው። በ1970ዎቹ ዴቪስ የተባለ ሰው ማሪዋና በመሸጥና ለመሸጥ በመያዝ ተከሰሰ፤ ማሪዋናው በጠቅላላው 9 አውንስ፣ ሩብ ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። የፍርድ ሸንጎው ለእያንዳንዱ ክስ 20 ዓመት፣ በድምሩ 40 ዓመት እስራት በየነበት። የበታች ፌዴራላዊ ዳኞች ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም ብለው ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1982 ውሳኔያቸውን ሽሮ፣ የእስራትን ዘመን መወሰን የሕግ አውጪው ሥራ ነው በማለት የ40 ዓመቱን ፍርድ አጸና። በዚያችው ቨርጂኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ወዲህ 21 ዓመት የሞላው ሰው እስከ 1 አውንስ መያዝ ይችላል። ትክክለኛውን ለመናገር፣ የዴቪስ ክስ የሽያጭ ነበር፤ ያለ ፈቃድ መሸጥ ደግሞ አዲሱ ሕግ ከወጣ በኋላም ወንጀል እንደ ሆነ ቀጥሏል። ቢሆንም ዐርባ ዓመት!

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 25 መጀመሪያ ላይ ስለ ግርፋት የሚናገረውን ሕግ እያንዳንዱ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር አንድ ጊዜ ከፍቶ ቢያነበው መልካም ነው። ፈራጁ በደለኛውን በፊቱ አስተኝቶ እንደ በደሉ መጠን በቍጥር ያስገርፈዋል፤ ነገር ግን ከዐርባ እንዲያልፍ አልተፈቀደም። የተሰጠው ምክንያት የገላ ሥቃይ ሳይሆን ክብር ነው፤ ከዚያ ካለፈ ወንድምህ በዓይንህ ፊት የተናቀ ይሆናልና። እዚህ ላይ የቃሉን ለውጥ ልብ እንበል። ወደ ፍርድ ሲቀርብ የተጠራው በደለኛ ተብሎ ነው፤ ጅራፉ ካረፈበት በኋላ ግን ወንድም ተብሏል። አይሁድ ይህን ሕግ እጅግ ከመፍራታቸው የተነሣ ቍጥር እንዳይሳሳቱ አንዱን አጕድለው ሠላሳ ዘጠኝ ይገርፉ ነበር፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ይህን ግርፋት አምስት ጊዜ እንደ ተቀበለ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ ይነግረናል። አንዲት ግርፋት እንዳትበዛ እንዲህ የተጨነቁ ሰዎች አንድን ዓመት፣ አንድን ዐሥር ዓመት በዋዛ የሚጨምረውን ሕግ ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። «ሕጉን ሲያፈርስ ሕግ ነበረ» የሚለው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 13 ለባለ ሥልጣን መገዛት ስለ ቍጣ ብቻ ሳይሆን ስለ ኅሊናም እንደሚገባ ያስተምራል። ማሪዋናው ክፉ ነገር ባይሆን እንኳ ሕጉን መናቅ በራሱ ጥፋት ነበር፤ ደግሞም ክፉ ነገር ነው። ስለዚህ የተቀጣውን ሰው «አንተ ንጹሕ ነበርህ» ማለት አንችልም፤ ብንለውም ውሸት ይሆናል። አዲሱን ሕግ የሚደግፉ አንዳንድ ሰዎች የቀድሞዎቹን እስረኞች እንደ ሰማዕታት አድርገው ሲያቀርቧቸው አንቀበላቸውም።

ጥፋት ነበር ማለት ግን ቅጣቱ ለዘላለም ይቀጥል ማለት አይደለም። ትምህርተ ክርስቶሱ በቍጥር 2266 ላይ መንግሥት እንደ ጥፋቱ ክብደት የተመጠነ ቅጣት የመስጠት መብትም ግዴታም እንዳለው ካስተማረ በኋላ፣ ቅጣት በጥፋት የተዛባውን እንደሚያቀና፣ ሕዝባዊ ሥርዓትን እንደሚጠብቅ፣ በተቻለ መጠንም ጥፋተኛውን እንደሚያርም ይገልጻል። እንግዲህ ሕግ አውጪው ራሱ «ይህን ያህል መጠን መያዝ ሕዝባዊ ሥርዓትን አያናጋም» ብሎ ካወጀ፣ ሥርዓትን መጠበቅ የሚለው ምክንያት በገዛ አፉ ፈርሷል። ማረም እንዳይባል፣ እርማት የሚፈለግለት ሰው በጎዳናው ማዶ ያው ነገር በፈቃድ ሲሸጥ እያየ ከቅጣቱ ምን ይማራል? የሚቀረው የተዛባውን ማቅናት ነው፤ ይህ ደግሞ በታሰረባቸው ወራትና በከፈለው መቀጮ ተፈጽሟል። ከዚያ በላይ የሚጨመረው በማን ስም ነው? ይህን ስንል ለሕፃናት የሸጠውን፣ በመሣሪያ ያስፈራራውን፣ ሰክሮ ነድቶ ሰው የገደለውን አንጨምርም፤ የእነዚህ በደል ሕጉ ከተለወጠ በኋላም በደል ነው።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ታዲያ ቅጣቱን ጨርሶ የወጣው ሰው ምን ቀረበት?» ይል ይሆናል። የቀረበት መዝገቡ ነው። ግርፋት ይቈጠራል፣ እስራትም ቀን አለው፤ የወንጀል መዝገብ ግን ቍጥር የለውም። ሥራ ሲጠይቅ፣ ቤት ሲከራይ፣ የሙያ ፈቃድ ሲያወጣ ይቀርብበታል። በ1998 በወጣ ፌዴራላዊ ሕግ መሠረት አንድ ተማሪ ማሪዋና በመያዝ ቢፈረድበት የመንግሥት የትምህርት ድጋፉ ለጊዜው ይቋረጥበት ነበር፤ በዝርፊያ የተፈረደበት ግን ያ ሕግ አይነካውም ነበር። ይህ ድንጋጌ እንዲሻር የተወሰነው በ2020 ነው። የመዝገቡም ሸክም በሁሉም ትከሻ ላይ እኩል አልወደቀም። የአሜሪካ የሲቪል ነጻነቶች ኅብረት በ2020 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ጥቁሮችና ነጮች ማሪዋና የሚጠቀሙበት መጠን ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ በ2018 ጥቁሮች በዚህ ጥፋት በፖሊስ የመያዛቸው ዕድል ከነጮች 3.64 እጥፍ ነበር። ቆዳቸው እንደ እነርሱ የጠቈረ ልጆቻችን ከዚህ ስሌት ውጭ ናቸው ብለን አንታለል። ር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛ በጁን 26 ቀን 2025፣ በዓለም አቀፉ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ቀን፣ በጸጥታ ስም በድኾች ላይ ጦርነት እየተካሄደ፣ የሰንሰለቱን ጫፍ የያዙት ሳይነኩ የመጨረሻዎቹ ቀለበቶች ብቻ እስር ቤቱን መሙላታቸውን ነቅፈዋል።

ጥቂት ግዛቶች ይህን ተረድተዋል። ኢሊኖይ በ2019 ሕጉን ስትለውጥ ጥቂት መጠን በመያዝ የተጻፉ የቀድሞ መዝገቦች የሚሰረዙበትን መንገድ በዚያው ሕግ ውስጥ አካተተች። ፕሬዚዳንት ባይደን በኦክቶበር 2022 በፌዴራል ሕግ ማሪዋና በመያዝ ብቻ ለተፈረደባቸው ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ይቅርታ አደረጉ። የሜሪላንድ አገረ ገዢ ዌስ ሙር በጁን 2024 ከ175,000 በላይ ለሆኑ ፍርዶች ይቅርታ ሰጡ። በሁለቱም ይቅርታ ከእስር ቤት የወጣ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ቀድሞውኑ ውጭ ነበሩ። ይቅርታው የተሰጠው ለመዝገቡ ነው ማለት ነው።

ይቅርታ ከመሰረዝ ይለያል። መሰረዝ «ይህ ነገር አይታይ» ይላል፤ ይቅርታ ግን «ጥፋቱ ነበረ፤ ከእንግዲህ ግን አይጠየቅበትም» ይላል። ለእኛ የሚቀርበን ሁለተኛው ነው፤ እውነቱን ሳይክድ ሸክሙን ያነሣልና። በምሥጢረ ንስሐ የምናውቀውም ይህንኑ ነው። አንድ አስተዋይ ተማሪ፣ «ኃጢአት ከተሰረየ በኋላም ጊዜያዊ ቅጣት ይቀራል ብላችሁ አስተምራችሁናል፤ ታዲያ መንግሥት ቢቀጥል ምን ክፋት አለው?» ብሎ ሊሞግት ይችላል። ሙግቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ካህኑ የሚሰጠው ቀኖና የተመጠነ ነው፤ ይፈጸማል፣ ያልቃልም። ተነሳሒው ሁለተኛ ሲመጣ ያለፈውን እየመዘዘ የሚወቅስ አናዛዥ ጥፋተኛው እርሱ ራሱ ነው።

ሌላም ቅሬታ አለ፤ «እኔ በወጣትነቴ ሕጉን አክብሬ ከዚህ ነገር ራቅሁ፤ ያላከበረው ዛሬ ከእኔ ጋር እኩል ይሁን?» የሚል። ይህ የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድም ድምፅ ነው፤ አባትየውም ታናሹ ልክ ሠርቷል ብሎ አልመለሰለትም።

እስካሁን ያልነው ለዜጎች ነው። ለስደተኛው ግን ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት ዜግነት ያላገኘ ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም እንኳ ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በተያያዘ ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል፤ የሚተርፈው ለራሱ የሚሆን 30 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ማሪዋና በመያዝ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈረደበት ነው። በሕፃንነቱ ከጃማይካ የመጣ ሞንክሪፍ የተባለ ሰው በጆርጂያ ግዛት 1.3 ግራም፣ ማለትም የሁለት ወይም የሦስት ሲጋራ ያህል ማሪዋና ይዞ በመገኘቱ፣ መንግሥት እንደ ከባድ የዕፅ ነጋዴ ቈጥሮ ሊያባርረው ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክሯል። ፍርድ ቤቱ በ2013 በ7 ድምፅ ለ2 የመንግሥትን ክርክር ሳይቀበል ቀረ። ለአንድ ሰው ከሚያውቀው ብቸኛ አገር መባረር ቅጣት አይደለም ይሉናል የሕግ ሰዎች፤ የአስተዳደር ውሳኔ ነው ይላሉ። ልጅዋን በአውሮፕላን ማረፊያ ለምትቀበል እናት ይህ የቃላት ልዩነት ምንም አይነግራትም።

ከዚህም ሌላ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በተለይ በስደት ላሉ ቤተሰቦች ሊያስረዱት የሚገባ ነገር አለ። የግዛቱ ሕግ መለወጡ የፌዴራሉን የኢሚግሬሽን ሕግ አይለውጠውም። የዜግነት ጉዳይ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በአፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ማሪዋና በተፈቀደበት ግዛት ውስጥም ቢሆን መጠቀሙ ወይም በዚያ ንግድ ተቀጥሮ መሥራቱ የአመልካቹን መልካም ጠባይ ሊያስጠይቅና የዜግነት ማመልከቻውን ሊያስውድቅ እንደሚችል አስታውቋል። በሲያትል በሕጋዊ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ የሚሠራ ወጣት ግብሩን በወቅቱ እየከፈለ ይህን ላያውቅ ይችላል። የአገረ ገዢ ይቅርታም ሆነ የመዝገብ መሰረዝ በግዛቱ ውስጥ ቢጠቅምም፣ በኢሚግሬሽን ፊት ግን ብዙውን ጊዜ ፍርዱ እንዳልተሻረ ይቈጠራል። በሜሪላንድ ይቅርታ ያገኙ ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ ዜጋ ሌላው ስደተኛ፣ አንድ ዓይነት ወረቀት ይዘው ከአንድ ቢሮ ቢወጡም የአንደኛው ቅጣት አበቃ እንጂ የሌላው አላበቃም።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ ያለ ምእመን፣ ለዜግነት ከማመልከቱ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ከአገር ከመውጣቱ በፊት የቈየ መዝገቡን ይዞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሊያማክር ይገባዋል። የአሜሪካ ጳጳሳት በ1988 ያቋቋሙት የካቶሊክ የኢሚግሬሽን ሕግ አገልግሎት መረብ እንዲህ ያለውን ድጋፍ በየሀገረ ስብከቱ የሚሰጡ ማዕከላትን በአንድነት ያሰባስባል፤ ቁምስናውም አድራሻውን ሊጠቍም ይችላል። መዝገቡ እንዲሰረዝ የሚያመለክትም ቢሆን አስቀድሞ ከፍርድ ቤቱ በማኅተም የተረጋገጠ ቅጂ አውጥቶ በእጁ ያስቀር፤ መዝገቡ ከተሰረዘ በኋላ ወረቀቱን ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል፣ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ግን በዚያን ጊዜም ሊጠይቀው ይችላልና።